የዳይሬክተሩ ቁልፍ

ልጄ ፌቨን ሞተች። ከለቅሶ ወደ ሥራ ስመለስ ዳይሬክተራችን አቶ ስንሻው፣ «ሐዘንህን እቤትህ ተወው» አሉኝ። «በምትሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ማውሱ ያረፈበት ቁልፍ ሁሉ ምን እንደሚሠራ በአጭር ጽሑፍ ይናገር። አንድ ዝም ያለ ካገኘሁ ተባረሃል!»

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውን ሰብስበው ፈተሹ። «አስቀምጥ» የሚለው ተናገረ፤ «አትም» የሚለውም ተናገረ። በራሳቸው ትእዛዝ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው፣ ስማቸው ያለበት ትልቁ ቁልፍ ግን ዝም አለ።

«ያዝኩህ! የእኔን ረሳኸው?»

«ኧረ አልረሳሁም፣ ጌታዬ። እርስዎ ምን እንደሚሠሩ ቢሮውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አጣሁ። ይንገሩኝና አሁኑኑ ልጻፈው።»

ሠራተኛው ሳቀ። እሳቸው የሚጻፍ ሲያስቡ መሸ፤ እኔም ሳልባረር ቀረሁ።

ከመውጣቴ በፊት ኮምፒውተሬ ላይ ባለው የፌቨን ፎቶ ላይ ማውሱ ሲያርፍ የሚወጣ ጽሑፍ ጨመርኩ፦ «አባቷን ታስቃለች።»