የአባ ከርከሮ ተከራዮች

አንድ ጊዜ፣ ገደል ሥር፣ አባ ከርከሮ የሚባል ተጠራጣሪ አከራይ ነበር። በክራንቻው ሁለት ዋሻ ቆፍሮ፣ በአንደኛው ከግልገሎቹ ጋር ይኖራል፤ ሌላውን ለእመት አህያ አከራይቷል። ኪራዩ ጨረቃ በታየች ቁጥር አንድ ቁና ገብስ ነው። እመት አህያ አጉድላ አታውቅም። እሱ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ፣ ገብሱን በተቀበለ ቁጥር አሸዋ እንዳይኖርበት እያለ ያሸተው ነበር። ምን ይደረግ፣ ጠባዩ ነው።

አንድ ወር ጨረቃዋ ወጣችና ገብሱ ቀረ። እመት አህያ ራሷ መጥታ፣ «አባ ከርከሮ፣ ጭነት ጀርባዬን ልጦታል። ይታገሡኝ፤ በመጪው ጨረቃ ግማሹን አመጣለሁ፣ ሌላውን ቁስሌ ሲደርቅ» አለችው።

«እናያለን» አለ አባ ከርከሮ። ከዚያ ወዲያ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እየተሽሎከለከ ይሰልላት ጀመር። ብትተኛ «ሰነፍ» ይላል፤ ብትነሳ «ይኸው፣ ድናለች» ይላል።

ይህን ደላላው ቀበሮ ሰማ። ቀበሮ ኮሚሽን የሚበላው አዲስ ተከራይ ሲገባ ነው፤ አዲስ እንዲገባ ደግሞ የነበረው መውጣት አለበት።

«እኔ ምን አገባኝ» አለ ቀበሮ፣ አባ ከርከሮ ዘንድ መጥቶ ቁጭ ብሎ። «ብቻ ትናንት አንዲት አህያ ማዶ ዋሻ ስታፈላልግ አይቻለሁ። እሷ ላትሆን ትችላለች።»

የአባ ከርከሮ የጀርባው ጸጉር ቆመ። «አውቄዋለሁ። ልትጠፋ ነው።»

«የሦስት ጨረቃ ኪራይ አስቀድሞ የሚከፍል ጨዋ ተከራይ አለኝ።»

«ማን ነው?»

«ስሙ ምን ያደርግልዎታል? ቅድሚያ ይከፍላል እኮ።»

ያ አሸዋ የሚጠረጥር ከርከሮ፣ ይህን አልጠረጠረም። እመት አህያን በዚያው ቀን አስወጣት። «ቃሌን አልረሳም» ብላ፣ ቀስ እያለች ሄደች።

በነጋታው አዲሱ ተከራይ ሦስት ቁና ገብስ ተሸክሞ ገባ፤ አያ ጅቦ ነው። አባ ከርከሮ ደነገጠ፣ ግን ገብሱን ተቀብሎ ነበር።

ጅቦ ዋሻውን ዞሮ አየና በቅንነት፣ «ለመሆኑ ግልገሎችዎ ስንት ናቸው?» አለ።

«ምነው?»

«ቀበሮ፣ ኪራዩ ከነቀለቡ ነው ብሎኝ ነው።»

አባ ከርከሮ ዘሎ ወጣ። ግልገሎቹን ሰብስቦ፣ የቆፈረውን ቤትና ገብሱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ማዶ ሲደርስ እመት አህያ ትናንት ካገኘችው ዋሻ ወጥታ ከፊቱ መጣች። ጀርባዋ ገና አልዳነም፤ ግማሽ ቁና ገብስ ባንገቷ አንጠልጥላለች።

«ወደ እርስዎ ስመጣ ነው» አለችው። «ዛሬ ጨረቃ ትታያለች።»

አባ ከርከሮ እፍረቱ አንገቱን አስደፋው። «እመት አህያ፣ ቤት የለኝም። አዲሱ ዋሻሽ ውስጥ ለልጆቼ ጥግ ይገኝ ይሆን? ኪራዩን ግን አሁን ልከፍል አልችልም» አለ።

እመት አህያ ግልገሎቹን አየቻቸው።

«የሚከፍሉበትን ቀን ይንገሩኝ» አለች። «ካልሞላልዎ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ መጥተው ይንገሩኝ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ኪራይ የዘገየበትን ደኅና ተከራይ ከማስወጣት በፊት ቀን ቆርጦ መነጋገር እንደሚበጅ፣ መጠርጠር ካለብንም አስቀድመን ልንጠረጥር የሚገባው በእኛ ጥል የሚያተርፈውን መካሪ መሆኑን ነው።