ከየትኛው ጉድጓድ ይቀዳ?

ከዶማው ይልቅ ምላሱ የሰላ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። የትምህርት ቤት ደጅ ባይረግጥም፣ ኩይሳና ሾላ አይቶ ውሃ ያለበትን ቦታ ያውቃል። አንድ በጋ ባለ ፈቃድ ጂኦሎጂስት ወደ መንደሩ መጥቶ "ውሃው እዚህ ነው" አለ፤ ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ ቆፍሮ አቧራ ብቻ አወጣ። ቆፋሪው ከዚያ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ በዶማው ቆፈረና ውሃ አገኘ፤ መንደሩም ጠጣ።

ይህን የሰሙት የወረዳው ሹም አቶ ድልነሳው ወረቀት ይዘው ከተፍ አሉ። ሕዝቡን በጠራራ ፀሐይ ሰብስበው፣ ጂኦሎጂ ማለት ምን እንደሆነና ጂኦሎጂስት የሚባለው ማን እንደሆነ የሚደነግገውን ሕግ አንድም አንቀጽ ሳይዘሉ አነበቡ። ሲጨርሱ ቆፋሪውን አስቆሙት።

"አንተ ጂኦሎጂስት ነህ? ነኝ ካልክ ፈቃድህን አምጣ፤ ከሌለህ ትታሰራለህ። አይደለሁም ካልክ ደግሞ ጉድጓዱ ያለ ባለሙያ የተቆፈረ ነውና ዛሬውኑ ይደፈናል!"



"አይደለሁም ጌታዬ፤ እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ" አለ ቆፋሪው። "ውሃ ያለበትን ማሳየት የባለ ፈቃዱ ሥራ ስለሆነ፣ እሱ ያሳየውን ቦታ አልነካሁበትም። የቆፈርኩት እሱ በተወው ላይ ነው።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ድልነሳው "ዝም በሉ! አካፋ አምጡ!" ብለው ሲጮኹ፣ ሲያነብ የዋለው ጉሮሯቸው ደርቆ ሳል ያዛቸው።

"ውሃ... ውሃ ስጡኝ" አሉ በጭንቅ።

ቆፋሪው ጣሳ አነሣና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

"ከየትኛው ይቀዳልዎ ጌታዬ? ከባለ ፈቃዱ ጉድጓድ ነው፣ ወይስ ከሚደፈነው?"