የትርሲት ተራ

አባቴ ሸክም ባወረደ ቁጥር «ጌታዬ፣ የቀረችውን መንገድ አሳጥርልኝ» ይል ነበር። እኔም ስሚንቶ ተሸካሚ ነኝ፤ ይህንኑ እላለሁ።

ልጄ ትርሲት ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ወፍራም ናት። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሱዚ መዝለል። ልጆቹ ግን ላስቲኩን በእግሯ ወጥራ እንድትቆም እንጂ ተራ አይሰጧትም። «አንቺ ምሰሷችን ነሽ» ይሏታል። አንድ ቀን «አባዬ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለችኝ።

ትከሻዬ እየነደደ ቢሆንም ልጠይቅ ተነሣሁ።

እግሯን «ለምን አትዘልም?» አልኩት። «ሆድ ተጭኖኝ» አለ።

ሆዷን «ለምን ትጫነዋለህ?» አልኩት። «ምሳ ዕቃው ሞልቶ ይመጣል፤ ምን ላድርግ?» አለ። እግር አይዘል፣ ሆድ አይቀል።

ምሳ ዕቃውን «ለምን ትሞላለህ?» አልኩት። «እናቷን ጠይቅ። ድንች ጥብስ ላይ ፓስታ፣ ፓስታ ላይ ዳቦ ትጠቀጥቅብኛለች» አለ። እግር አይዘል፣ ሆድ አይቀል፣ ምሳ ዕቃ አይጎድል።

ባለቤቴን አስካለን «ለምን ትጠቀጥቂያለሽ?» አልኳት። «እትዬ ዘርፌ ባዩኝ ቁጥር ‹ልጅቷን አብያት እንጂ› ይሉኛል። ጎረቤት ፊት ልዋረድ?» አለች። እግር አይዘል፣ ሆድ አይቀል፣ ምሳ ዕቃ አይጎድል፣ እናት እጇን አትሰበስብ።

እትዬ ዘርፌን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ልጄ ትንፋሽ እያጠራት ነው። ለምን ‹አብያት› ይላሉ?»

«አንተው ነሃ ያሳሰብከኝ» አሉ። «ማታ ማታ ብስኩትና ለስላሳ በፌስታል ይዘህ ትገባለህ። እሱ የሚያዘው ለበሽተኛ አይደል? እህል አልበላ ብላ ነው ብዬ።»

«ሰውነቷስ አይታይዎትም?»

«እብጠት መስሎኝ ስንት ቀን ጸለይኩላት።»

ጠዋት ስወጣ ትርሲት ተኝታ ነው፤ ሰላምታዬ ያ ፌስታል ነበር። እግር አይዘል፣ ሆድ አይቀል፣ ምሳ ዕቃ አይጎድል፣ እናት እጇን አትሰበስብ፣ ጎረቤት ዝም አይል፤ ፌስታሉ በእኔ እጅ።

«ጌታዬ፣ ይቅር በለኝ» አልኩ።

በማግስቱ ባዶ እጄን ገባሁ። ትርሲት እጄን አየችና አኮረፈች። «ነይ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን እንምጣ» አልኳት። ዳገቱን ሁለታችንም እያለከለክን ወጣን። ከዚያ በኋላ በየቀኑ።

ፌስታል ሲቀር ጎረቤት ዝም አለ፤ ጎረቤት ዝም ሲል እናት እጇን ሰበሰበች፤ እናት ስትሰበስብ ምሳ ዕቃ ጎደለ፣ ጎመንና ብርቱካንም ቦታ አገኙ፤ ምሳ ዕቃ ሲጎድል ሆድ ቀለለ፤ ሆድ ሲቀል እግር ነቃ፤ እግር ሲነቃ አፏም «ተራዬን ስጡኝ» ለማለት ደፈረ። ቶሎ አልሆነም፤ ሁዳዴ ገብቶ እስኪፈታ ቆየ።

ባለፈው ዓርብ ሥራ ጠፋና ላመጣት ሄድኩ። በትምህርት ቤቱ አጥር ሽንቁር አያለሁ። አጠገቤ የማላውቀው ሰውዬ ልጁን ይጠብቃል። ወደ ትርሲት ጠቆመና እንዲህ አለኝ፦

«ያቺን ልጅ እያት እስቲ፤ ተራዋን አልለቅ ብላ ሌሎቹ እንደ ምሰሶ ቆመው ቀሩ።»