በቆራሌው ጆንያ የገባው ዲስክ

ስሙኝማ ላውጋችሁ። ቡሬ ከተማ ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው ይበልጣል ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። የሚፈልጉት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ በምርቃቱ ቪዲዮ ላይ ድምፁን መስማት። ቪዲዮው ያለው ጋሽ እንዳላማው ፎቶ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩ አላሰማም አለ። «ማኅበሩ ሳይሰበሰብ ከየት አምጥቼ?»

ማኅበሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉ ሦስት ዲስኮች ናቸው፤ ፎቶና ቪዲዮውን ሁሉ ተካፍለው ይይዛሉ። እንደ እድር ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይሸከሙታል። ሁለቱ ከሌሉ ግን ማን ማንን ይሸከም? ለጥገና የተጠራችው ስመኝ ከፍታ ብታይ መሐለኛው ሞቷል፣ የመጀመሪያው ጭራሽ የለም።

«ጋሼ፣ ይሄኛው የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ! መብራቱ ነው ያበላሸው» አሉ ጋሽ እንዳላማው።

ውሸት! ኮምፒውተር ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ ለእሱ ቁጥር አንድ መሐለኛው ነው። «ቁጥር አንድ ሞቷል» ቢላቸው እሳቸው እንደ ሰው ከአንድ ቆጠሩና ደህነኛውን ነቀሉት። ከዚያ ለቆራሌው ሰጥተው በፕላስቲክ ጆግ ለወጡት። ጎረቤት አይቶ ለስመኝ ነገራት።

ኮምፒውተሩ አላሰማም አለ፣ ማኅበሩ አልሰበሰብም አለ፣ ዲስኩ ከጆንያ አልወጣም አለ። ስመኝ ቆራሌው ዘንድ ሄደች።

«ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነገ ሌባ ልባል? ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ። ደግሞ ሐሙስ ጆንያው ይጫናል» አላት።

ኮምፒውተሩ አላሰማም አለ፣ ማኅበሩ አልሰበሰብም አለ፣ ዲስኩ ከጆንያ አልወጣም አለ፣ ቆራሌው አልሰጥም አለ፣ ጋሽ እንዳላማው አልሄድም አሉ። ለምን? ይሉኝታ አልለቅም ብሏቸዋላ! «ሰው ምን ይለኛል?» ይላሉ።

ረቡዕ ሆነ። ስመኝ ተስፋ ቆርጣ ዕቃዋን ሰበሰበች። እኔም ልድገምላችሁ፤ ኮምፒውተሩ አላሰማም፣ ማኅበሩ አልሰበሰብም፣ ዲስኩ አልወጣም፣ ቆራሌው አልሰጥም፣ ጋሽ እንዳላማው አልሄድም፣ ይሉኝታው አልለቅም። ወይዘሮ አትጠገብ እንደ ወትሮው መጥተው ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ።

«መልኩስ ፎቶው ላይ አለ» አሉ። «ድምፁ ነው የጠፋብኝ። ትናንት ‹እማዬ› ሲለኝ እንዴት ነበር ብዬ አስቤ አስቤ አጣሁት።»

ጋሽ እንዳላማው ጆጉን አንስተው ቆሙ። «መብራቱ አይደለም፣ እትዬ። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ይሄኔ ይሉኝታው ለቀቀ፣ ጋሽ እንዳላማው ሄዱ፣ ቆራሌው ሰጠ፣ ዲስኩ ከጆንያ ወጣ፣ ስመኝ ሁለቱን ደህነኛ ዲስኮች እንደ ምንም አስማምታቸው ማኅበሩ ተሰበሰበ፣ ኮምፒውተሩም አሰማ።

«እማዬ!» አለ ይበልጣል፣ በካባው ውስጥ እየሳቀ። «እማዬ፣ ወዴት ነሽ?»

«አቤት ልጄ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «እዚሁ ነኝ።»

ቪዲዮው አለቀ። ስመኝ ሳትጠየቅ ከመጀመሪያው አስጀመረችላቸው።