ከጀሪካኑ በታች

በአንዲት ከተማ የውሃ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ከመዝገብ ቤት ተነስታ የመሥሪያ ቤቱን የፌስቡክ ገጽ እንድትይዝ የተመደበች ሴት ነበረች። አምስት ቀን ሠልጥና፣ "በስልክ የሚያነብ ሰው ትዕግሥት የለውም፤ ዋናው ጉዳይ ቀድሞ ይምጣ" የሚለውን በልቧ ይዛ ተመለሰች።

በማግስቱ ኃላፊው አቶ ድልነሳው ሁለት ወረቀት የሞላ ማስታወቂያ ላኩላት። ስማቸው፣ ማዕረጋቸውና ራእያቸው ተዘርዝሮ ተዘርዝሮ፣ የውሃው ነገር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እሷም ቆራረጠችውና "ነገ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስለማይኖር ዛሬውኑ በጀሪካን ይያዙ" ብላ ጀመረች፤ ስማቸውን ከሥር አስገባችው።

አቶ ድልነሳው ስልካቸውን ከፍተው ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ሠራተኛው በተሰበሰበበት አስጠሯት።

"የኔ ስም ከጀሪካን በታች የሚውለው በምን ሒሳብ ነው? የሚያሳምን ምክንያት ካለሽ ተናገሪ፤ ከሌለሽ አሁኑኑ ወደ መዝገብ ቤትሽ!"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

"ክቡርነትዎ አይስጉ። ሰዉ መጀመሪያ ውሃው እንደሚጠፋ ይወቅ፤ ማን እንዳጠፋው ለማወቅማ እስከ ታች ድረስ ማንበቡ አይቀርም።"