ዳንቴል የለበሰው ራውተር

ተረት ንገረን አላችሁኝ? ቅረቡ እንግዲህ። ዛሬ ደክሞኛል፤ የምነግራችሁም ስለ አንድ ደካማ ነው።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በእትዬ የሻረግ ቤት አንድ ራውተር ቡፌው ላይ ተቀምጦ ይኖር ነበር። ጓዳ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር የቤቱን ፊልምና ዘፈን ሁሉ ታቅፎ ይዟል። ራውተሩ ከእሱ እየተቀበለ በአየር ላይ ለሳሎኑ ቴሌቪዥንና ለመኝታ ቤቷ ስልክ ያደርሳል። ይሸከማል፣ ያደርሳል፤ ይሸከማል፣ ያደርሳል። እግዜር ይስጥልኝ ያለው የለም።

እትዬ የሻረግ ግን ይወዱታል። ስለሚወዱትም አቧራ እንዳይነካው በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሱት። ምስሉ መቆራረጥ ሲጀምር "አቧራ ገብቶበት ይሆናል" ብለው ሁለተኛ ደረቡለት። ሲብስበት ሦስተኛ ደረቡለት፣ ወፍራሙን።

በባለቤታቸው በአቶ ጥሩነህ ሙት ዓመት ዕለት፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ልጃቸው ትርንጎ "እማዬ፣ የሠርጌን ቪዲዮ እንይ፤ አባዬ አለበት" አለች። የአቶ ጥሩነህ ድምፅ የቀረው እዚያ ቪዲዮ ውስጥ ብቻ ነበር።

ራውተሩም "ይህቺንስ እንደምንም ላድርስ" አለና፣ ማንም ሳይሰማት ዘፈን የምታንቆረቁረውን ስልክ ለመናት።

"እመቤት ስልክ፣ ለአንድ አፍታ ዝም በይልኝ፤ አቅም አጣሁ።"

"ምን አገባኝ? ሥራህ አይደል!" አለች ስልክ።

"ጋሼ ቴሌቪዥን፣ ምስሉን ትንሽ አሳንሰህ ተቀበለኝ።"

"ይህን የሚያህል ፊት ይዤ? ሙሉውን አምጣ!" አለ ቴሌቪዥን።

"እሜቴ ዳንቴል፣ እባክሽ ፈቀቅ በይልኝ፤ ልተንፍስ።"

"ክብርህ እኮ እኔ ነኝ! እኔ ብወርድ ማን ያይሃል?" አለች ዳንቴል።

በምስሉ ላይ ወጣቶች አቶ ጥሩነህን እጃቸውን ይዘው "ይጨፍሩ እንጂ አባባ!" ይሏቸዋል። እሳቸው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ራውተሩ ጥፍት አለ። ምስሉም ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ሰነፍ!" አለ ቴሌቪዥን። "ሰነፍ!" አለች ስልክ። "አርጅቷል እማዬ፣ ይጣል" አለች ትርንጎ።

እትዬ የሻረግ ተነስተው ራውተሩን ዳበሱት። "ኧረ በስመአብ! ትኩሳት ይዞታል እኮ! ያፈንኩት እኔው ነኝ!" አሉ። አንዱን ዳንቴል አነሱ፣ ሁለተኛውን አነሱ፣ ሦስተኛውንም አነሱ። በወፍራሙ እያራገቡ እስኪበርድለት ጠበቁና አበሩት። ራውተሩ እፎይ አለ።

አቶ ጥሩነህም አፋቸውን እንደከፈቱ ቀጠሉ።

"ደክሞኛል ልጆቼ፤ ትንሽ ልረፍ።"

በሠርጉ ዕለት በከበሮው መሐል ይህን የሰማ አልነበረም። ወጣቶቹ እየሳቁ ጎትተው ወደ ጭፈራው አስገቧቸው። እልል እያሉ ከኋላ የሚገፏቸውም እትዬ የሻረግ ራሳቸው ነበሩ።

እትዬ የሻረግ አለቀሱ። ቪዲዮው ሲያልቅ ዳንቴሎቹን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ፤ ራውተሩንም "በቃህ፣ ዛሬ ረፍ" ብለው አጠፉለት።

እንግዲህ ልጆች፣ የሚሸከምላችሁን ሰው ከማልበሳችሁ በፊት ደክሞት እንደሆነ ጠይቁት። ተረቴን እዚህ አስቀምጫታለሁ፤ እኔም ትንሽ ልረፍ።