የታፈሰ የሆድ ሕመም

የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ታፈሰ ሐሙስ ዕለት "ሆዴን አሞኛል" ብሎ ከሥራ ቀረና ሚስቱን ይዞ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ሲዞር ዋለ። ሦስተኛው ቤት ክትፎ ቀርቦላቸው ሳለ፣ ሲያልፉ ወንበሩም ጭምር ብድግ እንዲልላቸው የሚፈልጉት አለቃው አቶ ጥላዬ ከፊታቸው ገጭ አሉ።

"አንተ! ሆዴን አሞኛል አላልክም? አሁኑኑ መልስ፤ አለዚያ ነገ ቢሮ እንዳትመጣ!"

ታፈሰ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ትልቅ ጉርሻ ጠቀጠቀችበትና እሷ መለሰች።

"ጌታዬ፣ ሐኪሙ 'ሆድህን የሚያምህን ነገር ለይ' ስላለው ከጠዋት ጀምሮ እየሞከርን ነው። ጨጨብሳው ተስማማው፤ ዱለቱም ምንም አላደረገው፤ ክትፎውማ ጭራሽ መድኃኒት ሆነው። ይኸው እርስዎ ብቅ ሲሉ ቆረጠው። እግዜር ይስጥልን፣ አሁን ለየነው።"